በረኪና በቤትና በመሥሪያ ቤት

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ነገር ከየቤታችሁ ማድቤት ጥግ ወይም ከሽንት ቤት በር ኋላ የማይጠፋ፥ ዋጋው ርካሽ፥ አገልግሎቱም ብዙ የሆነ አንድ ፈሳሽ ነው፤ ይኸውም በረኪና ነው። «ስለዚህ ተራ ነገር ንግግር ማድረግ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እኔም ራሴ ከጥቂት ጊዜ በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ባልሁ ነበር፤ አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ሲኒ ቡና ነው።

በቤታችን ልብስ በማጠብ ብዙ ዓመት ያገለገለች አንዲት ሴት አለች። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ቡና ተፈልቶ ሲኒዬን ስታቀብለኝ፥ እንደ ወትሮዋ በጣቶቿ ይዛ ሳይሆን በሁለት መዳፎቿ መካከል ደግፋ አመጣችልኝ። ምን እንደ ሆነች ብጠይቃት «ምንም አልሆንሁ» ብላ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። ደጋግሜ በጠየቅኋት ጊዜ ግን ዘረጋችልኝ። የጣቶቿ ቆዳ ፀሐይ እንደ መታው ጭቃ ተሰነጣጥቆ፥ በጣቶቿ መካከል ያለው ሥጋ ቀልቶ፥ በጥፍሮቿም ሥር ደም የቋጠረ ቁስል ነበረ። እስከዚህ እስኪደርስ ድረስ ለምን ዝም አልሽ ባልኋት ጊዜ የሰጠችኝ መልስ ይህ ነው፤ «በረኪናው ነው ጋሼ፤ ሸሚዙ በደንብ ካልነጣ ደስ አይልዎትም ብዬ ነው።»

ያን ሸሚዝ ለብሼ በጓደኞቼ ዘንድ ስንት ጊዜ ስለ ንጽሕናዬ እንደ ተመሰገንሁ ትዝ ሲለኝ ቡናው ጕሮሮዬ ላይ ቆመ።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ የሚመለከተው በረኪናን በእጃቸው የሚነኩትን ብቻ አይደለም። ይልቁንም የሚመለከተው ገንዘቡን አውጥተን የምናስገዛውን፥ «ነጭ ይሁን፥ ይጽዳ» ብለን የምናዝዘውን፥ ሽታው ሲመጣ ግን መስኮት ከፍተን ወደ ሌላ ክፍል የምናልፈውን እኛን ነው። በእርግጥ ከመካከላችሁ ከመሥሪያ ቤት ተመልሳ ማታ ልብሷን ራሷ የምታጥብ፥ ወይም ትዳር ሳይዝ ብቻውን እየኖረ ሽንት ቤቱን ራሱ የሚያጸዳ ብዙ ሰው አለ፤ እነዚህ እጃቸውን እያዩ ያድምጡኝ።

በረኪና የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። እነርሱ «ቫሬኪና» ይሉታል፤ እኛም ማኪናን መኪና እንዳልነው ሁሉ ለአፋችን እንዲስማማ አድርገን ተቀበልነው። ፈሳሹ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለው ንጥረ ነገር በውሃ የተበጠበጠበት ሲሆን፥ በገበያ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እጅ ያህሉ ይኸው ንጥረ ነገር ነው፤ የቀረው በአመዛኙ ውሃ ነው። ኀይሉ የሚመጣው ከክሎሪን ነው። ክሎሪንን መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው የስዊድን መድኃኒት ቀማሚ ካርል ቪልሄልም ሼሌ ሲሆን፥ ዘመኑም 1774 ነበረ። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ይህ ጋዝ ጨርቅ የሚያነጣ መሆኑን ተረዳ፤ በፓሪስ አጠገብ በነበረችው በዣቬል መንደርም ፈሳሹ መሠራት ስለ ጀመረ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ድረስ «የዣቬል ውሃ» ይሉታል። ከዚያ በፊት የአውሮጳ ሸማኔዎች ጨርቃቸውን ሜዳ ላይ ዘርግተው ፀሐይ እስኪያነጣላቸው ብዙ ሳምንት ይጠብቁ ነበር።

የክሎሪንን ጥቅም ስናነሣ የማይዘነጋ ሌላ ሰው አለ። በ1847 በቪየና ከተማ በአንድ የማዋለጃ ክፍል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናትስ ዜመልቫይስ፥ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው እናቶችን ለማዋለድ የሚመጡ ሐኪሞች እጃቸውን ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከመቶ ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱ በነበረበት ክፍል፥ ከትእዛዙ በኋላ በሰኔ ወር የሟቾቹ ቍጥር ከመቶ ወደ 2 ወረደ። በአገራችንም «ውሃ አጋር» እየተባለ በክዳኑ እየተሰፈረ በመጠጥ ውሃ ላይ የሚጨመረው መድኃኒት ከዚሁ ዘር ነው። እንግዲህ የምናማው ነገር የስንቱን ሰው ሕይወት ያተረፈ መሆኑን እያወቅን ነው የምንናገረው። ችግሩ የሚነሣው ከመጠኑ፥ ከአያያዙና ባዶ እጅን ከመንካቱ ነው።

እስቲ በረኪና የነካው ጣታችሁን ከሌላው ጣታችሁ ጋር ያሻሻችሁበትን ጊዜ አስታውሱ። ሳሙና እንደ ተቀባ ሆኖ ያሟልጫል። ብዙ ሰው ይህ ልስላሴ የፈሳሹ ጠባይ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በረኪና እንደ አመድ ውሃ ሁሉ የአሲድ ተቃራኒ ጠባይ ያለው ፈሳሽ ነው፤ እንዲህ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ስብን ወደ ሳሙና ይለውጣል። ሳሙና ፋብሪካ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። እንግዲህ በጣታችሁ መካከል የሚያሟልጨው ነገር የገዛ ቆዳችሁ ቅባት ወደ ሳሙናነት እየተለወጠ ነው ማለት ነው። ያ ቅባት የቆዳን እርጥበት የሚጠብቅ፥ ከውጭ የሚመጣውንም የሚከለክል አጥር ነው። አጥሩ አንድ ቀን ቢነካ ተመልሶ ይጠገናል፤ በየቀኑ ሲነካ ግን የሚጠግነው ጊዜ ያጣል።

ሐኪሞች ይህን «የቆዳ መቆጣት» ይሉታል። አንዳንዱን ሰው ብቻ መርጦ ከሚይዘው አለርጂ የተለየ ነው። ዓሣ ወይም እንቍላል የማይስማማው ሰው አለ፥ የሚስማማው ደግሞ ይበዛል፤ በረኪና ግን በብዛትና በተደጋጋሚ ከነካው የማንንም ቆዳ ያስቆጣል። «እኔን ለምዶኛል፥ ምንም አያደርገኝም» የሚሉ ሴቶችን ሰምቻለሁ። ለምዶ አይደለም፤ ገና አጥሩ አልፈረሰም። መጀመሪያ ቆዳው ይደርቃል፤ ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ያሳክካል፤ ከዚያ ይቀላል፥ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም በኩል ሌላ ተሕዋስ ገብቶ ያመረቅዛል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጣቶች መካከልና ከቀለበት ሥር ነው፤ ምክንያቱም ፈሳሹ እዚያ ተደብቆ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ልብስ የምታጥብ ሴት ቀለበቷን አውልቃ ብታስቀምጥ ለወርቁም ለጣቷም ይበጃል።

ቆዳን ብቻም አይደለም የሚነካው። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቬርሲቲ ተመራማሪዎች ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎችን 20 ዓመት ያህል ተከታትለው በ2018 ባሳተሙት ጥናት፥ በገዛ ቤታቸውም ሆነ በደመወዝ ተቀጥረው የማጽዳት ሥራ የሚሠሩ ሴቶች የሳንባቸው ኀይል ከማያጸዱት ይልቅ ፈጥኖ እየቀነሰ መሄዱን ገልጸዋል። ጥናቱ የተመለከተው ልዩ ልዩ የማጽጃ ኬሚካሎችን በአንድነት እንጂ በረኪናን ብቻ ለይቶ አይደለም፤ ቢሆንም በየማለዳው የሚሸተንን ነገር በሌላ ዐይን እንድናየው የሚያደርግ ነው።

ይህን ካልሁ ዘንድ ወደ መሥሪያ ቤታችን ልግባ። ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ፎቁን ወጥታችሁ ኮሪደሩ ውስጥ ስትገቡ የበረኪና ሽታ አፍንጫችሁን ይመታዋል። መሐረባችሁን አውጥታችሁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ታልፋላችሁ፤ ልባችሁ ግን «ዛሬ በደንብ ተጸድቷል» ይላል። ሽታውን የንጽሕና ምልክት አድርገን ይዘነዋል። እናንተ በዐሥር እርምጃ ያለፋችሁትን ሽታ ግን የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ በተዘጋ፥ መስኮቱም በጠበበ ሽንት ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ ግማሽ ሰዓት ስትስበው ቆይታለች። አለቃዋም ሲመጣ «ሽታው አነሰ፥ ጨምሪበት» ይላታል እንጂ «በሩን ክፈቺው» አይላትም።

በዚህ ስፍራ ትልቁን አደጋ መናገር አለብኝ። በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ነገር ጋር ሊቀላቀል አይገባም። ብዙዎች ግን «ሁለት ማጽጃ ከአንዱ ይበልጣል» በማለት በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አንድ ላይ ያፈሱታል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪኑ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። አሲድ ሲባል ደግሞ ሽንት ቤት የሚፈስሰው ብቻ አይምሰላችሁ፤ አቼቶም አሲድ ነው፥ ሎሚም አሲድ ነው። የእጅን ሽታ ለማጥፋት በረኪናው በወጉ ሳይለቀቅ እጅን በሎሚ ማሸት፥ የተሰነጠቀውን ቆዳ ከማቃጠሉም በላይ ያንኑ ጋዝ በጥቂቱም ቢሆን አፍንጫ ሥር መቀስቀስ ነው። እንዲሁም መስተዋት በሚወለወልበት አሞንያ ባለበት ፈሳሽ ላይ በረኪና ሲፈስስ ክሎራሚን የተባለ ሌላ የሚያንቅ ጋዝ ይነሣል። ሽንትም በቆየ ቍጥር አሞንያ ያወጣል፤ ስለዚህ የሕፃን ፖፖም ሆነ ሽንት ቤቱ አስቀድሞ በብዙ ውሃ ሳይታጠብ በረኪና ሊፈስስበት አይገባም። ሽንት ቤት ስናጸዳ ዐይናችንን የሚያስለቅሰን ነገር ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ክሎሪን ማለት ጀርመኖች ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጅግ አገር በኢፕር ግንባር በጠላቶቻቸው ምሽግ ላይ የለቀቁት ጋዝ ነው። (በእኛ አገር በ1928 ዓ.ም. በአርበኞቻችን ላይ ከአውሮፕላን የወረደው ቆዳ የሚልጠው መርዝ ከዚህ የተለየ ነው።) በእርግጥ በአንድ ሽንት ቤት ውስጥ የሚነሣው ጋዝ ከጦር ሜዳው ጋር አይወዳደርም፤ ጋዙ ግን ያው ጋዝ ነው። ከአየርም ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ በኖ በመጥፋት ፈንታ ወለሉ ላይ ይተኛል። ወለሉን ጎንበስ ብላ የምትፈትገው ሴትና በእግሯ ሥር የሚድኸው ሕፃን ናቸው አስቀድመው የሚስቡት።

ይህ የድኻ አገር ወይም ያልተማረ ሰው ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በአሜሪካ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ሦስት ወሮች በማጽጃና በተሕዋስያን ማጥፊያ ኬሚካሎች ምክንያት ለመርዝ ምክር ማዕከሎች የተደወለው ስልክ 45,550 ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚያው ወቅት 37,822 ነበረ። የአገሩ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይህን ሲገልጽ የአንዲትን ሴት ታሪክ ጽፏል። ሴትዮዋ ከገበያ የመጣ ምግብ ሁሉ ይታጠብ ሲባል ሰምታ፥ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳዋን በረኪና፥ አቼቶና ሙቅ ውሃ ሞልታ አትክልቷን ዘፈዘፈችበት። ወዲያው ማድቤቱ በጋዝ ሽታ ተሞልቶ ትንፋሽ አጥሯት፥ ሳሏና ደረቷ እያፏጨ አምቡላንስ ጠራች። እኛም በዚያው ዘመን የበር እጀታና የገንዘብ ኖት ሳይቀር በበረኪና ስንወለውል፥ እጃችንንም በበረኪና ውሃ ስንታጠብ የነበርን ነንና በእርሷ ልንስቅ አይገባም።

ምናልባት እንዲህ ያለ ድብልቅ በስሕተት ተሠርቶ ሽታው ቢነሣ፥ ሌላ ነገር አፍስሶ ለማስተካከል መሞከር አይገባም፤ ሁሉንም ትቶ፥ ሕፃናትን ይዞ፥ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የቀጠለበት ሰው «ይተወኛል» ብሎ ሳይተኛ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ሕመሙ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የሚብስበት ጊዜ አለና።

ስለ ሕፃናት ካነሣሁ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጠርሙሱ ነው። በረኪና በጀሪካን ተገዝቶ ይመጣና በየቤቱ በባዶ ሃይላንድ ይቀዳል። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ ቢሆንም በሃይላንድ ውስጥ ሆኖ ላየው ሰው ውሃ ነው። ከእግር ኳስ ሜዳ ተጠምቶ የገባ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ አፉ ላይ ከመድፋቱ በፊት አያሸትም። ትልቅም ሰው ቢሆን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ውሃ ሲፈልግ ያው ነው። «እኛ ቤት እንኳ ምልክት አድርገንበታል» የሚሉ አሉ፤ ምልክቱን የሚያውቀው ግን ያደረገው ሰው ነው፥ እንግዳ ሆኖ የመጣው የእኅት ልጅ አያውቀውም። በረኪና በመጣበት ዕቃ፥ ጽሑፉ ሳይላጥ፥ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። ከነዳጅና ከምግብ ዘይት ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አይሁን። ባዶ ጠርሙስ ያለማጣት ልማዳችን ብዙ ጥቅም አለው፤ ለዚህ ነገር ግን ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ምናልባት ቢጠጣ፥ ሰውየውን ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ነገር ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥላልና። ሎሚ ወይም አቼቶ «ያረክሰዋል» ብሎ ማጠጣትም ከላይ ስለ ነገርኋችሁ ምክንያት ክፉ ስሕተት ነው። አፉን በውሃ አጕመጥምጦ ይትፋ፤ ልቡናውን ያልሳተና መዋጥ የሚችል ከሆነ ጥቂት ውሃ ወይም ወተት ይጐንጭ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ጭምር ይዞ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ነው። በዐይን ውስጥ የተረጨ እንደ ሆነ ዐይኑን ገልጦ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስስ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ ውሃውም ወደ ደኅናው ዐይን እንዳይወርድ ራስን ማዘንበል ያስፈልጋል፤ ከታጠበም በኋላ ለሐኪም መታየት አይቅር። ቆዳን ከነካ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ፤ የረጠበውም ልብስ ይውለቅ።

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ፤ የብዙ እጅ ቁስል መነሻ እዚህ ላይ ነውና። በቤታችን በረኪና የሚሰፈረው በዐይን ነው፤ ጠርሙሱ ይዘነበልና «ይበቃል» እስኪባል ይፈስሳል። ለወለልና ለሽንት ቤት የሚበቃው ግን ከመቶ 5 እጅ ጥንካሬ ያለው በረኪና አንድ እጅ ለ49 እጅ ውሃ ነው። በሌላ አነጋገር 10 ሊትር ለሚይዝ ባልዲ አንድ ብርጭቆ፥ ይኸውም 200 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ደም የፈሰሰበት ስፍራ ሲሆን ብቻ አንድ እጁ ለ9 እጅ ውሃ ይሆናል። አስቀድሞ ግን እድፉ በሳሙናና በውሃ መነሣት አለበት፤ በረኪና በእድፍ ላይ ሲፈስስ ኀይሉን እድፉ ላይ ጨርሶ ለተሕዋሱ አይተርፍም። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ በረኪናውን ያበላሸዋል፥ እንፋሎቱንም ወደ ፊት ያነሣዋል። የተበጠበጠው ትርፍ ለነገ አይቀመጥ፤ እያደር ኀይሉን ያጣልና። እንዲያውም በብዙ ቀን ሳሙናና ውሃ ብቻ ይበቃል፤ በጤናማ ቤት ውስጥ የምግብ ጠረጴዛ በየቀኑ በበረኪና የሚታጠብበት ምክንያት አይታየኝም።

ልብስን በሚመለከት፥ ነጭ ጥጥ ከሆነ በዚሁ መጠን ወይም ከዚህ በቀጠነ ውሃ ቢበዛ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይበቃዋል። ሌሊቱን ሙሉ በበረኪና ያደረ ነጠላ ነጭ ሆኖ ይነሣል፥ ክሩ ግን ተበልቷል፤ ከጥቂት ወር በኋላ በትከሻ ላይ ሲሳሳና ሲቀደድ «የዛሬ ሸማኔ» እየተባለ የሚታማው ሸማኔው ነው። ጥበቡ በረኪና ከነካው ቀለሙ ይሄዳል። ሱፍና ሐርማ ከናካቴው አይነኩትም። የብረት ዝገት የነካውን ልብስ በበረኪና አስለቅቃለሁ ማለትም ዝገቱን ማጽናት ነው።

እናቶቻችን ሸማን በእንዶድ አጥበው ፀሐይ ላይ ያሰጡ ነበር፤ የበዓል ቀን ነጭነቱ ዐይን ይወጋ እንደ ነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ የቢልሃርዝያን መተላለፊያ የሚገድል መሆኑን ለዓለም ያሳወቀው ስለዚሁ ተክል ነው። ይህን የምለው ወደ እንዶድ እንመለስ ለማለት አይደለም። እንዶድም ሲወቀጥ ብናኙ ያስነጥሳል፥ ዐይንም ያቃጥላል፤ የጥንቱ ነገር ሁሉ ለስላሳ ነበር ማለት የማያውቁት ሰው ወግ ነው። ፀሐይ ግን ዛሬም በነጻ የምትገኝ ማንጫ ናት።

የቀረኝ የጓንት ነገር ነው። ጓንት ሲባል ረዘም ያለ፥ ወፈር ያለ የላስቲክ ጓንት እንጂ በእጅ ላይ የሚታሰር ፌስታል አይደለም። ፌስታል ይቀደዳል፤ ተቀድዶ የገባው በረኪናም ከቆዳው ጋር ተዘግቶ ስለሚቀር ከባዶ እጅ ይልቅ ይጎዳል። የጓንቱ ጫፍ ወደ ውጭ ቢታጠፍ ከክንድ የሚወርደው ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም። ሥራው ሲያልቅ ጓንቱ ከውጭ ታጥቦ ይውለቅ፤ ከውስጥም ይድረቅ። እጅ በንጹሕ ውሃ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ቫዝሊን ይቀባ፤ ይልቁንም ማታ ከመኝታ በፊት።

በመሥሪያ ቤቶቻችን የዕቃ መጠየቂያ ሞዴል ላይ በረኪና በጀሪካን ተጽፎ አይቻለሁ፤ አሲድም፥ መወልወያም ተጽፎ አይቻለሁ። ጓንት የተጻፈበትን ግን ያየሁት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። አንድ ረድፍ መጨመር የማንንም በጀት አያናጋም፤ «በመመሪያው የለም» የሚል የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቢገጥማችሁም፥ በረኪናውስ በየትኛው መመሪያ እንደ ገባ ብትጠይቁት መልሱን ሲፈልግ ይቆያል። ደግሞም ጓንት ሰጥቶ ሽንት ቤቱን ዘግቶ ማስጸዳት ግማሽ ሥራ ነው፤ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ይሠራ፥ እኛም ያን ጊዜ በሌላ ፎቅ ያለውን እንጠቀም።

በቤታችን ያለችው ሴት መጀመሪያ ጓንቱን እምቢ ብላኝ ነበር፤ «በጓንት እድፉ አይታወቀኝም፤ እጄ ካልነካው የታጠበ አይመስለኝም» አለች። የሠለጠነ እጅ የሚናገረውን መናቅ አይገባምና ተነጋግረን በዚህ ተስማማን። የአንገትጌውንና የእጅጌውን እድፍ በሳሙና ብቻ በባዶ እጇ ትፈትጋለች፤ በረኪና የሚነካው ነገር ሁሉ በጓንት ይሆናል፥ እርሱም በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በ15 ቀን አንድ ጊዜ። ቁስሉ በራሱ እስኪሽር ሳንጠብቅም ሐኪም ዘንድ ሄዳ ቅባት ታዘዘላት፤ እስከዚያ ድረስ ልብሱን ያጠብነው እኔና ልጆቼ ነን፥ እንዴት እንዳጠብነው ባልናገር ይሻላል። ስንጥቁ እስኪገጥም ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀ። አሁን ሲኒውን በጣቶቿ ይዛ ታቀብለኛለች።

ሸሚዜ እንደ ቀድሞው አይነጣም። እስከ ዛሬ ድረስ ግን በመሥሪያ ቤቴ ይህን ያስተዋለ ሰው አላገኘሁም።